ለጣና የምትሆን ፕሮፔለር

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። የጥብርያዶስ ባሕር ደግሞ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በሁለቱም ዳር በጀልባ ሞተር እንጀራ በልቻለሁ። አሁን የምኖረው ግን ወንዝም ሐይቅም በሌላት በኢየሩሳሌም ነው። ስለ ጀልባ ሊያማክረኝ ሰው በመጣ ቁጥር ጎረቤቶቼ ይስቁብኛል፤ "እዚህ ደረቅ ተራራ ላይ ምን ያለ የጀልባ ሐኪም ነው?" ይላሉ። ምክር ፈላጊው ግን አይጠፋም። ጣና ዳር ዘመድ ያለው፣ ስለት ያለበት፣ በልጅነቱ ዘጌን የተሳለመ ሰው እዚህ ሞልቷል። ገንዘብ ያጠራቀመ እንደሆነ "ለገዳሙ ሞተር እንግዛ" ማለቱ አይቀርም።

የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ ስለ ፈረስ ጉልበት ነው። 15 ይበቃል ወይስ 25? 40 ቢሆን አይሻልም? ያማሃ ነው የሚበረታው ወይስ ሌላ? ታች ውኃ ውስጥ ስለምትሽከረከረው ፕሮፔለር የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። እሷ ካልተስማማች ግን የ40ው ሞተር የ15ቱን ያህል እንኳ ላይሠራ ይችላል፤ ቤንዚኑን ግን የ40 ይጠጣል።

እዚህ ኢየሩሳሌም ያለው የኢትዮጵያ መንገድ ከነቢያት ጎዳና የሚገነጠል ጠባብና ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ዛፍ፣ ከዛፉ ኋላ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ጉልላት። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሯት፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1893 የተፈጸመች ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከፊት ለፊቷ የዘመናዊው ዕብራይስጥ አባት የሚባለው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት ስላለ፣ አስጎብኚዎች እንግዶቻቸውን እዚያው መንገዱ ላይ አቁመው ስለ እሱ ያወራሉ፤ እኛ ደግሞ በመካከላቸው ተሹለክልከን፣ ነጠላችንን አስተካክለን እንገባለን። ወር በገባ በ16 ቅዳሴው አብቅቶ ጠበል ጸዲቁ ሲቀርብ ወሬው ሁሉ ወደ አገር ቤት ይሄዳል። የዘጌዋ ዑራም ኪዳነ ምሕረት ናት። እኔ ዑራን ሳስብ ግን አስቀድሞ የሚመጣብኝ ሥዕሏ አይደለም፤ ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ወደብ ድረስ የሚያቃስት የሞተር ድምፅ ነው።

ባሕር ዳር ጀልባ ላይ ረዳት ሆኜ የገባሁት ገና ጢም ሳላበቅል ነው። ደርግ ወድቆ ቱሪስቱ ቀስ በቀስ መመለስ የጀመረበት ጊዜ ነበር። ሥራዬ ቤንዚን መቅዳት፣ ገመድ መወርወር፣ ጀልባዋ ውስጥ የገባውን ውኃ በጣሳ መጨለፍ ነው። ጎህ ሲቀድ ከዘጌ በኩል እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ይመጣሉ። ቀዛፊው ረጅም ዘንጉን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያደረገ፣ ግማሽ ቀን የሚያህል መንገድ ቀዝፎ፣ ላቡን ጠርጎ እንጨቱን ይሸጣል። እኛ ያንን መንገድ በአንድ ሰዓት ገደማ ስለምንሄደው ራሳችንን እንደ አየር ኃይል ነበር የምንቆጥረው።

ጀልባችን እዚያው ከተማ ውስጥ ከላሜራ የተበየደች ናት። ብርቱ ነች፣ ድንጋይ ብትነካም አትሰበርም፤ ግን ከባድ ናት። ቱሪስት ሲኖር አራት አምስት ሰው ይዘን እንሄዳለን። ቱሪስት ሲጠፋ የዘጌ ሰው፣ የቡና ጆንያ፣ ጤፍ፣ በግ፣ ለደብሩ የተሳለ ጧፍና ጃንጥላ። የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ደግሞ የጫንነውን አልናገርም፤ ጀልባዋ ከውኃው በላይ የሚታየው ጠርዟ ብቻ ነበር ብል ይበቃል።

የሞተሩ ሰው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል መካኒክ ነበሩ፤ ምጽዋ በ1982 ከተያዘች በኋላ ዞረው ዞረው ባሕር ዳር ደረሱ። ከባሕር ተለይተው መኖር ስላቃታቸው ሐይቅ ፈልገው መጡ የሚሉ ነበሩ፤ እሳቸው ግን "የሚስቴ አገር ስለሆነ ነው" ነበር የሚሉት። ከእጃቸው የማትለይ የማዳበሪያ ከረጢት ነበረቻቸው። ውስጧ ፒንሳ፣ ካንዴላ መፍቻ፣ የግራሶ ቆርቆሮ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ የተለያዩ ፕሮፔለሮች። ልጆቹ "የጋሼ ጽላት" እያልን እንቀልድ ነበር፤ ቢሰሙን ይቆጡ ስለነበር ግን በሹክሹክታ ነው።

አንድ ጊዜ ባለጀልባው ከአዲስ አበባ አዲስ ሞተር አመጣ። 25 የፈረስ ጉልበት፣ ከካርቶኑ የወጣ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ። ፋብሪካው የገጠመለት ፕሮፔለር 13 ቁጥር ነበረች። ጀልባዋን ሞልተን ከወደብ ወጣን። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭሱ ይንቦለቦላል፣ የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ይቀናል፤ እሷ ግን ውኃውን እየገፋች ትንፏቀቃለች። ባለጀልባው ጋዙን እስከ መጨረሻው አጥፎ ይዟል። ጋሼ ከኋላ ተቀምጠው ዝም ብለው ይሰማሉ።

"አንተ ልጅ፣ ስማው እስቲ" አሉኝ።

"ምኑን ጋሼ?"

"ሞተሩን ነዋ። አባይ በረሃን ጭነት የያዘ ኤንትሬ በአራተኛ ማርሽ ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?"

"በአራተኛማ አይወጣም ጋሼ።"

"ታዲያ ይሄ በአራተኛ ነው የሚወጣው።"

ዘጌ ስንደርስ ሞተሩን ወደ ላይ አጠፉት። መጀመሪያ ካንዴላውን ፈትተው አሳዩኝ፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ጥላሸት የለበሰ ነበር። ከዚያ ወደ ፕሮፔለሯ ሄዱ። በፒንሳ መቆለፊያ ሽቦውን አቃንተው ሳቡ፣ ዳዶውን ፈቱ፣ ፕሮፔለሯን ጎትተው አወጡ። ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በወጡበት ተራ ጨርቅ ላይ ደረደሩ፤ ማንም እንዲነካ አልፈቀዱም፤ ከነዚያ አንዷ ከጠፋች ወይም ተገልብጣ ከገባች ፕሮፔለሯ የማርሹን ቤት እየፋቀች ትጨርሰዋለች። ዘንጉን ግራሶ ቀቡ። ከከረጢቷ ሌላ ፕሮፔለር አወጡ፤ ክንፎቿ ከመጀመሪያዋ ይልቅ ለጥ ያሉ፣ ጠርዟ በሞረድ የተስተካከለ፣ ቀለም የሌላት። መሃሏ ላይ 10 የሚል ቁጥር ተቀርጿል።

ስንመለስ ጀልባዋ ያው ሰው፣ ያው ጆንያ ነበር የጫነችው፤ እንዲያውም ሁለት በግ ተጨምሯል። ሞተሩ ግን ማቃሰቱን ትቶ ዘፈነ። ድምፁ ቀጠነ፣ ጭሱ ሳሳ፣ አፍንጫዋ ዝቅ አለ፣ ባሕር ዳርም ከወትሮው ቀድመን ገባን። ባለጀልባው ደስ አላለውም። ሱቅ ውስጥ የሸጠለት ሰው "ቁጥሩ ባደገ መጠን ፍጥነቱ ያድጋል" ብሎት ስለነበር፣ ትንሿ ቁጥር ጀልባውን ያዋረደችበት መሰለው። ለብዙ ጊዜ ያቺን 13 ቁጥር ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅሏት ነበር።

የቁጥሩ ነገር እንዲህ ነው። ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥር ይቀረጻል። የመጀመሪያው ስፋቷ ነው፤ ክንፎቿ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር ስንት ኢንች እንደሆነ። ሁለተኛው ፒች የሚሉት ነው፤ ውኃው እንደ እንጨት የጠነከረ ቢሆን፣ እሷም እንደ ብሎን እየቦረቦረች ብትሄድ፣ በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደ ፊት ትገፋ እንደነበር። 13 ማለት በአንድ ዙር 33 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 10 ደግሞ 25 ሳንቲ ሜትር ከምናምን። ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር ታች ያለው ማርሽ ግማሽ ገደማ ስለሚያደርገው ፕሮፔለሯ 2,500 ጊዜ ትዞራለች። ይህን በ33 ሳንቲ ሜትር ብታባዙት በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ሱቁ ውስጥ የሚሸጡላችሁ ይህችን 50 ነው። ውኃ ግን እንጨት አይደለም፤ ይንሸራተታል። ቀላል ጀልባ ላይ ከመቶ አሥር፣ አሥራ አምስት እጁ በመንሸራተት ይጠፋል፤ እንደኛዋ በመሰለች ከባድ ላሜራ ላይ ደግሞ ከግማሽ የሚበልጠው። ሞተሩም 5,000 ሊደርስ አይችልም፤ ምክንያቱም ፒቿ ትልቅ የሆነ ፕሮፔለር በእያንዳንዱ ዙር ብዙ ውኃ ልግፋ ስለምትል ታንቀዋለች። ታንቆ በ4,000 ዙር ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው የሚውል ሞተር ፒስተኑ ይግላል፣ ጥላሸት ይሞላዋል፣ ዕድሜው ያጥራል።

እያንዳንዱ ሞተር ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት ሊደርስበት የሚገባው የዙር ክልል አለው፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ለብዙዎቹ 25 ፈረስ ጉልበት ሞተሮች ከ5,000 እስከ 6,000 ነው። ትክክለኛዋ ፕሮፔለር ማለት ጀልባዋ የዘወትር ጭነቷን ይዛ ጋዙ እስከ መጨረሻው ሲሰጥ ሞተሩን እዚያ ክልል ውስጥ የምታስገባው ናት፤ ሌላ መስፈርት የለም። ከክልሉ በታች ከቀረ ፒቹ ይቀነስ። ካለፈ ይጨመር። አንድ ኢንች ሲቀነስ ሞተሩ በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ያገኛል፤ ስለዚህ ከ13 ወደ 10 መውረድ ወደ 600 ዙር መመለስ ነው።

ጋሼ የዙር መቁጠሪያ አልነበራቸውም፤ መመሪያውንም ያነበበው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። የነበራቸው ጆሯቸውና ምጽዋ ነበሩ። "ምጽዋ ይሄው ሞተር በ13 ይበር ነበር፤ እዚህ ግን ሳንባው ጠበበ" ይሉ ነበር። እኔ ያኔ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። ውኃ ውኃ ነው፣ ሞተርም ሞተር ነው፣ ምጽዋና ጣና ምን ይለያያቸዋል እል ነበር።

ወደዚህ አገር እንዴት እንደመጣሁ ረጅም ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ። ብቻ ከመጣሁ በኋላ ጥብርያዶስ አጠገብ ያለ አንድ የጀልባ ሞተር ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ። ከኢየሩሳሌም ወደዚያ ሲኬድ መንገዱ ወደ ኢያሪኮ ይወርዳል፤ መሃል ላይ "የባሕር ወለል" የሚል ምልክት ከመንገዱ ዳር ቆሟል፤ ከዚያ በኋላ ጆሮ እየደነቆረ መውረድ ነው። ዮርዳኖስን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሽቅብ ቢኬድም ሐይቁ ራሱ ከባሕር ወለል በታች ነው። ባሕር ይሉታል እንጂ ከጣና ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ስፋቱ 166 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጣና ግን ከ3,000 በላይ። ጥልቀቱ ግን የጣናን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከአገር ቤት የሚመጡ ተሳላሚዎች በትልልቆቹ የእንጨት ጀልባዎች ሲሄዱ ባለጀልባዎቹ የእንግዳውን አገር ሰንደቅ ዓላማ ይሰቅላሉ፤ የእኛም ሲሰቀልና መዝሙሩ ሲደምቅ ከጋራዡ ወጥቼ አይ ነበር። ዓሣውም ዘመዳችን ነው። እዚህ የጴጥሮስ ዓሣ ብለው በውድ የሚሸጡት ከእኛ ቆሮሶ ወገን ነው፤ የባሕር ዳር ልጅ ሳህኑ ላይ ሲያየው ይስቃል።

እዚያው አጠገብ በጊኖሳር ሙዚየም ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ድርቅ ውኃውን ባሸሸው ጊዜ ከጭቃው የወጣች የ2,000 ዓመት ገደማ የእንጨት ጀልባ አለች። ርዝመቷ 8 ሜትር ከምናምን፣ ወርዷ 2 ሜትር ከ30። ሰዎች እዚያ ቆመው ጌታን ያስባሉ፤ እኔም አስቤያለሁ። ዓይኔ ግን ያረፈው ልኳ ላይ ነው። የዘጌዋን ላሜራችንን ታክላለች። ከባድ ጭነት የለመዱ የሐይቅ ሰዎች ሁሉ በስተመጨረሻ አንድ ዓይነት ጀልባ ይሠራሉ መሰለኝ።

የጋራዡ ባለቤት ቁጡ ሰው ነበር፤ ሥራው ግን የተጣራ። ከካንዴላው ገመድ ጋር የሚያያዝ የዙር መቁጠሪያ ነበረው፤ ማንኛውንም ጀልባ ሳይለካ ፕሮፔለር አይሸጥም። መጀመሪያ ሲያሠራኝ የገረመኝ ያንኑ የድሮውን ዓይነት 25 ፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ያንኑ 13 ቁጥር ተገጥሞለት፣ ሁለት ዓሣ አጥማጆች በተቀመጡባት ቀላል የአሉሚኒየም ጀልባ ላይ ማየቴ ነው። ጀልባዋ ውኃውን አልገፋችም፣ ላዩ ላይ ወጣች። መቁጠሪያው ክልሉ መካከል ቆመ። ቀጥሎ መረብና የዓሣ ሣጥን የሞላች ከባድ ጀልባ መጣች፤ እሷን ወደ 11 አወረዳት። ሐይቁ አንድ፣ ሞተሩ አንድ፣ ጭነቱ ግን ሌላ።

ስለ ጣና ነገርኩት። ከፍታውን ሲሰማ የካርቶን ቁራጭ አንስቶ ሒሳቡን ጻፈልኝ። ሞተር የሚኖረው በአየር ነው፤ በየ300 ሜትሩ ሽቅብ በተወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ከመቶ ሦስት እጁን ጉልበት ያጣል። 1,800 ሜትር ማለት ስድስት ጊዜ ነው፤ ከመቶ 18። ካርቶኑ ላይ 25 ተብሎ የተጻፈው ሞተር ጣና ላይ 20 ተኩል ገደማ ይሆናል። ውኃው ግን አይሳሳም። ምጽዋም ቢሆን፣ ጥብርያዶስም ቢሆን፣ ጣናም ቢሆን ፕሮፔለሯ የምትገፋው ውኃ ክብደቱ ያው ነው፤ የባሕሩ ጨዋማ ስለሆነ ትንሽ ቢከብድ ነው። የሚገፋው ሲደክም የሚገፋው ነገር አይቀልለትም። ሰውዬው ካርቶኑን ሰጥቶኝ "ለከፍታው ብቻ ሁለት ኢንች ቀንስ፤ ለጭነቱ ደግሞ እየለካህ" አለኝ።

ጋሼ ምጽዋን ሲያነሱ ሳንባው ጠበበ ያሉት እንግዲህ ይህን ነበር። ሦስት ኢንች የወረዱትም በግምት አይደለም። በአንድ ነገር ግን የጥብርያዶሱ ሰው ይበልጣቸዋል ባይ ነኝ። ካርቡራተሩ ለባሕር ዳርቻ አየር ተለክቶ የተሠራ በመሆኑ፣ ስስ አየር ባለበት አገር ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል። ያ ጥቁርና እርጥብ ካንዴላ የፕሮፔለሯ ጥፋት ብቻ አልነበረም። የቤንዚን ማሳለፊያዋን ቀዳዳ ጠበብ ባለችው መለወጥ ያስፈልግ ነበር። ጋሼ ካንዴላውን በየጊዜው በሽቦ ብሩሽ ያጸዱ ነበር እንጂ ቀዳዳዋን ሲለውጡ አላየሁም፤ መለወጫዋም በዚያን ጊዜ ከየት ትገኝ ነበር? አዲሶቹ በኮምፒውተር ቤንዚን የሚረጩ ሞተሮች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። የጠፋውን ጉልበት ግን እነሱም አይመልሱትም፤ ስለዚህ የፕሮፔለሩ ጉዳይ ለነሱም እንዳለ ነው።

ከጥቂት ዓመት በፊት ከጣና ገዳማት ከአንዱ የመጡ አባት ኢየሩሳሌም ተሳልመው፣ ዴር ሡልጣንም ሰንብተው፣ በወርኃዊው ኪዳነ ምሕረት ደብረ ገነት ግቢ ውስጥ ተገናኘን። የውጭ አገር ምእመናን ገንዘብ አዋጥተው ለገዳማቸው ሞተር ገዝተው ልከዋል። አባ እግዜር ይስጣቸው አሉ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ምን ልበልህ ልጄ፣ ያገሳል እንጂ አይሄድም። ቤንዚን ደግሞ አያጠግቡትም። ሰዉ ተበላሽቷል ይላል።"

"አባቴ፣ ታች ያለችው ፕሮፔለር ላይ ስንት ቁጥር ተጽፏል?"

"እኔ ምኑን አውቄው! ሞተሩን አየሁ እንጂ እግሩን አላየሁ።"

በስልክ ለመጋቢው ደውለው ፎቶ አስነሡ። ፎቶው ሲመጣ ክንፏ ላይ የጣና ጭቃ ደርቆባት፣ መሃሏ ላይ 14 ይነበባል። ሞተሩ አልተበላሸም ነበር። ሻጩ የሰጠው ለባሕር ዳርቻ መዝናኛ፣ ለቀላል ፋይበር ጀልባ የምትሆነውን ነው፤ የጀልባውን ዓይነትም ሆነ የሐይቁን ከፍታ የነገረው የለም፣ እሱም አልጠየቀም። 11 ቁጥር ተፈልጋ፣ በአንድ ተሳላሚ ሻንጣ ውስጥ ከነጠላና ከዕጣን ጋር ተጠቅልላ ሄደች። ፕሮፔለሯ ከሞተሩ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለችም። ቆይተው አባ ደውለው "ማገሳቱን ትቶ ይሄዳል፤ ቤንዚኑም በረከት አገኘ" አሉኝ። እኔ ከበረከቱ ጋር አልከራከርም።

አንዳንድ ሰው ትንሿን ቁጥር ሲሰማ "እንግዲያው 8 ይሁንላቸው" ይላል። ያም ልክ የለውም። ፒቹ ከልክ በላይ ካነሰ ጀልባዋ ባዶዋን ስትመለስ ሞተሩ ከክልሉ አልፎ ይጮኻል፤ ይህም ፒስተን ይበላል። ጋሼ ለዚህ ሕግ ነበራቸው፤ "ስትሄድ ለጭነቱ፣ ስትመለስ ለእጅህ" ይሉ ነበር። ፕሮፔለሯን ለተጫነው ጀልባ ምረጥ፣ ባዶህን ስትመለስ ጋዙን እስከ መጨረሻ አትጠፍ ማለታቸው ነው። ታንቆ የሚውልን ሞተር ግን እጅ አያድነውም፤ ጋዙን ብትቀንስ ጀልባዋ ትቆማለች። ስለዚህ ከሁለቱ ስሕተት ለጣና የሚብሰው ትልቁ ቁጥር ነው።

ብረቱን በተመለከተ፣ የማይዝገው ብረት ክንፉ ስስ ስለሆነ ውኃውን በደንብ ይይዛል፣ ያምራልም። ለጣና ግን አልመክርም። ሐይቁ በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳርዳሩ ጥቁር ድንጋይ የሞላበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። አሉሚኒየም ድንጋይ ሲያገኘው ይታጠፋል ወይም ይቆረሳል፤ በሞረድና በመዶሻ ይቃናል፤ ባይቃን ይጣላል። ጠንካራው ብረት ግን ራሱ ሳይጎዳ ግጭቱን ወደ ማርሹ ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ማርሽ ደግሞ በሻንጣ የሚላክ ነገር አይደለም። ለከባድ ጀልባ ባለአራት ክንፏ ከተገኘች ጥሩ ነው፤ ከባለሦስቷ ይልቅ ውኃ ትጨብጣለች።

በእኔ ጊዜ ያልነበረው ደግሞ የእምቦጭ አረም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሐይቁን እየወረረ ነው። ሥሩ ፕሮፔለሯ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን በአንድ ጊዜ ያስቆመዋል፤ ያኔ መሃል ሐይቅ ላይ ሞተሩን አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ በቢላ መቁረጥ ነው። የከሰዓቱ ነፋስ ከተነሣ ይህ ሥራ ቀልድ አይደለም። ለዚህ ነው መለዋወጫ ፕሮፔለር፣ ዳዶ፣ መቆለፊያ ሽቦና ቀለበቶቹ፣ ከነፒንሳው፣ ጀልባዋ ውስጥ ይኑሩ የምለው፤ ገዳሙ ዕቃ ቤት ተቆልፎ የተቀመጠ መለዋወጫ መሃል ሐይቅ ላይ ለቆመ ሰው ምንም አይረባም።

ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ከረጢታቸው የት እንደደረሰች አላውቅም።

እንግዲህ በኢየሩሳሌምም ሆነ በሌላ አገር ሆናችሁ ለጣና ሞተር ለመላክ ገንዘብ የምታሰባስቡ ወገኖቼ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ገዳሙ ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ጀልባው ከምን እንደተሠራና በበዓል ቀን ሳይሆን በዘወትር ቀን ስንት ሰውና ስንት ጆንያ እንደሚጭን። ለሻጩ ደግሞ ሐይቁ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ንገሩት። ከካርቶኑ የምትወጣው ፕሮፔለር 13 ወይም 14 ከሆነች ከእሷ ጋር አንድ 11 እና አንድ 10፣ ለዚያው ሞተር የተሠሩ መሆናቸውን አረጋግጣችሁ፣ አብራችሁ ላኩ። ርካሽ የዙር መቁጠሪያም ጨምሩበት። እዚያ ያሉት ልጆች ጀልባውን ጭነው፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ሰጥተው ያንብቡት፤ የትኛዋ እንደምትቀር ቁጥሩ ይነግራቸዋል።